ኩሽ ወይስ ኢትዮጵያ? ስለ ቃል በቃል ትርጉም



በዚህ እትም የቋንቋ ዓምዳችን ስለ ትርጉም እንማማራለን። ርእሱን የመረጥሁት እኔ አይደለሁም፤ አንዲት የ8ኛ ክፍል ተማሪያችን ናት። ከእናቷ ጋር ገዳሪፍ ገበያ ወርዳ ሳለ አንዲት ሱዳናዊት የጨርቅ ነጋዴ፣ ልጅቷ ለእናቷ ስለ ዋጋ ስትከራከር አይታ፣ «ያ ከንዳካ!» አለቻት። ልጅቷም ምን ማለት እንደ ሆነ ጠየቀች። ከንዳካ የጥንቷ የኩሽ ንግሥት መጠሪያ እንደ ነበረ፣ ኩሽም ይህችው ሱዳን እንደ ሆነች፣ በ2019 እ.ኤ.አ. ካርቱም አደባባይ የወጡት ሴቶች በዚሁ ስም ይሞገሱ እንደ ነበር ሴትዮዋ ነገረቻት። ማታ ልጅቷ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8ን ገለጠች። እዚያ ጃንደረባው የሚያገለግላት ንግሥት ህንደኬ ትባላለች፤ ንግሥትነቷም የኢትዮጵያ ነው። በማግስቱ ከክፍሉ በር ላይ ጠብቃኝ፣ «መምህር፣ ከንዳካና ህንደኬ አንድ ናቸው ወይ? አንድ ከሆኑስ የዋሸው ማን ነው?» አለችኝ።

አንድ ናቸው፤ የዋሸም የለም። ነገር ግን ይህን አስረድቼ ለመጨረስ ሁለት ክፍለ ጊዜ ፈጀብኝ። ክፍል ያልነበሩት ተማሪዎችና ወላጆችም እንዲያነቡት እዚህ አሰፈርሁት።

አስቀድሜ አንድ ነገር ላሳስብ። ከመካከላችሁ ክርስቲያኖችም ሙስሊሞችም አላችሁ። ይህ የሃይማኖት ትምህርት አይደለም። ምሳሌውን ከመጽሐፍ ቅዱስ የወሰድሁት በዓለም ላይ የእሱን ያህል በብዙ ቋንቋ የተተረጎመ መጽሐፍ ስለሌለ ነው። ሙስሊም ተማሪዎቻችን ጉዳዩን ከቤታቸው ያውቁታል፤ ቁርኣን ወደ ሌላ ቋንቋ ሲመለስ ዑለማዎች «የቁርኣን መልእክት ትርጉም» ይሉታል እንጂ ቁርኣን ራሱ ነው አይሉም። አንድ ቃል ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ሲሻገር ከመንገድ የሚጥለውና ከመንገድ የሚያነሣው ነገር እንዳለ ስለሚያውቁ ነው።

ለመሆኑ ቃል በቃል ትርጉም ምን ማለት ነው? ተርጓሚ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ደራሲው ያስቀመጠውን ቃል ተከትሎ፣ ለዚያ ቃል በራሱ ቋንቋ ያለውን ቃል ማስቀመጥ ነው። ሁለተኛው ደራሲው ምን ለማለት እንደ ፈለገ አስቦ፣ ያንን ሐሳብ አንባቢው በለመደው አነጋገር መናገር ነው። በአማርኛችን ሁለቱም አሉ። በ1954 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የወጣው መጽሐፍ ቅዱስ ከዕብራይስጡና ከግሪኩ ጋር እየተመሳከረ የተዘጋጀ ሲሆን፣ በአብዛኛው ቃሉን የሚከተል ነው። በ1980 ዓ.ም. የወጣው ደግሞ ሐሳቡን በቀላል አማርኛ ለመግለጥ የተዘጋጀ ነው። ብዙዎቻችሁ ቤት ከሁለቱ አንዱ ይኖራል። ለሕፃን ሲነበብ ሁለተኛው ይቀላል፤ እኔም ለታናናሾች የማነብላቸው እሱን ነው። ነገር ግን አንድ ክርክር ሲነሣና «መጽሐፉ በእውነት ምን ይላል?» የሚል ጥያቄ ሲመጣ፣ ቀላልነት ብቻውን አይበቃም።

አሁን ወደ ተማሪያችን ጥያቄ እንመለስ።

ብሉይ ኪዳን በአብዛኛው የተጻፈው በዕብራይስጥ ነው። በዕብራይስጡ ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለው አገር «ኩሽ» ይባላል። የት እንደሚጀምርም መጽሐፉ ራሱ ይጠቁማል፤ ነቢዩ ሕዝቅኤል በምዕራፍ 29 የግብፅን ዳርቻ ሲናገር ሴዌኔን፣ ማለት የዛሬዋን አስዋንን፣ አንሥቶ የኩሽን ወሰን ያስከትላል። ካርታ ያላችሁ ተመልከቱ፤ ከአስዋን ቀጥሎ ያለው ኑብያ ነው። የኩሽ ነገሥታት መናገሻ መጀመሪያ ከርማ፣ በኋላ ናፓታ፣ ከዚያም ሜሮዌ ነበረ። ሦስቱም በዛሬዋ ሱዳን በዓባይ ዳር ይገኛሉ። በሁለተኛ ነገሥት ምዕራፍ 19 የተጠቀሰው ንጉሥ ቲርሐቅ፣ የታሪክ ሰዎች ታሃርቃ የሚሉት፣ ከ690 እስከ 664 ከክርስቶስ ልደት በፊት ግብፅንም ኩሽንም የገዛ ነው፤ መቃብሩ የሆነው ፒራሚድም በሰሜን ሱዳን ኑሪ በሚባል ቦታ ዛሬም ቆሟል። በአማርኛው ግን ቲርሐቅ የኢትዮጵያ ንጉሥ ነው።

ይህ ለውጥ ከየት መጣ? በሦስተኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት፣ በእስክንድርያ የነበሩ አይሁድ ኦሪትን ወደ ግሪክኛ መተርጎም ጀመሩ። በኋላ ሌሎቹም መጻሕፍት ተተረጎሙ፤ ጠቅላላው «የሰባ ሊቃናት ትርጉም» ይባላል። ግሪኮች ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን ሕዝብ «አይቲዮፕስ» ይሉት ነበር፤ ፊቱ በፀሐይ የተቃጠለ ለማለት ነው። በአምስተኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት የነበረው ሄሮዶቱስም ሜሮዌን የእነዚህ ሰዎች ታላቅ ከተማ ይላታል። ስለዚህ የእስክንድርያ ተርጓሚዎች «ኩሽ» የሚለውን ባገኙበት በብዙ ቦታ «አይቲዮፕያ» አሉ። ለግሪክ አንባቢ የሚገባው ስም ያ ነበርና አልተሳሳቱም፤ ያደረጉት የሐሳብ ትርጉም ነው።

ይሁን እንጂ በሁሉም ቦታ አላደረጉትም። እዚህ ላይ መጽሐፋችሁን ገልጣችሁ በዓይናችሁ እዩ። በ1954ቱ አማርኛ ዘፍጥረት 2፥13 ላይ ግዮን የሚከብበው ምድር ኢትዮጵያ ይባላል። በዚያው መጽሐፍ በዘፍጥረት 10፥6 ግን የካም ልጅ ኩሽ ይባላል። በዕብራይስጡ ሁለቱም አንድ ቃል ናቸው፤ «ኩሽ» እና «ኩሽ»። ግሪኩ በአገሩ ላይ ስሙን ለወጠ፣ በሰውየው ላይ ተወው፤ ይህም ልዩነት ወደ ብዙ ቋንቋ ተሻግሮ የ1611ዱ የእንግሊዝኛ ትርጉምም እንዲሁ አደረገ። አንባቢው ኩሽ የሚባል ሰውና ኢትዮጵያ የሚባል አገር ያያል፤ የሁለቱ ስም አንድ መሆኑን ግን የሚያይበት መንገድ የለውም። ጀርመናዊው ማርቲን ሉተር ደግሞ በ16ኛው መቶ ዓመት «የሞሮች አገር» ብሎ ሌላ ስም ሰጠው። በዚህ ዓይነት የሙሴ ሚስት ኩሻዊቱ፣ ኤርምያስን ከጕድጓድ ያወጣው ኩሻዊው አቤሜሌክ፣ በመዝሙር 68 (በግዕዙ ቁጥር 67) እጇን ወደ እግዚአብሔር የምትዘረጋው ኩሽ፣ ሁሉም በአማርኛችን ኢትዮጵያውያን ሆነው ተገኙ።

የሐዋርያት ሥራ ግን የተለየ ነው። እሱ ከመጀመሪያው በግሪክኛ የተጻፈ በመሆኑ በውስጡ ያለው ቃል «ኢትዮጵያውያን» ራሱ ነው። ስለዚህ እዚያ «የኢትዮጵያ ንግሥት» ማለት ትክክለኛው ቃል በቃል ነው። «ህንደኬ» ወይም «ከንዳካ» ደግሞ የአንዲት ሴት የግል ስም ሳይሆን፣ እኛ «እቴጌ» እንደምንለው በሜሮዌ የንግሥቶች ማዕርግ ነበረ። ነጋዴዋም መጽሐፉም እውነት ተናገሩ፤ በመካከላቸው የቆመው የስም መለዋወጥ ነው። ልጅቷ ይህን ስነግራት ዝም ብላ ቆይታ፣ «እንግዲያው ሴትዮዋ የጠራችኝ በመጽሐፌ ስም ነው» አለች። እኔ ከዚህ የተሻለ አላልኩም።

የእኛ አባቶችስ ምን አደረጉ? ግዕዙ ከግሪኩ ነው የተተረጎመው፤ ሥራውም በአክሱም ዘመን፣ ከአራተኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የተከናወነ ነው። የግዕዝ ተርጓሚ ፊት ለፊቱ የተዘረጋው ጽሑፍ «አይቲዮፕያ» የሚል ስለ ነበረ «ኢትዮጵያ» አለ። እሱ በፊቱ ላለው ቃል ታማኝ ነው። ስለዚህ «ይህ ትርጉም ቃል በቃል ነው» ሲባል «ከየትኛው ጽሑፍ?» ብላችሁ ጠይቁ። የውኃውን ጥራት ለማወቅ ምንጩን ማየት እንደሚያስፈልግ ማለት ነው።

ስለ ምንጭ ካነሣሁ ዘንድ፣ መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ መጀመሪያ ወደ አማርኛ ስለ መለሰው ሰው ጥቂት ልንገራችሁ፤ እሱም እንደ እኛ ከአገሩ ርቆ የሠራ ነው። አቡ ሩሚ ወይም አባ አብርሃም ይባላል፤ የጎጃም ሰው ነው። ካይሮ ላይ አስሊን ደ ሸርቪል ከተባለ የፈረንሳይ ባለሥልጣን ጋር ከ1808 እስከ 1818 እ.ኤ.አ. ዐሥር ዓመት ሠራ። በሳምንት ሁለት ቀን በር ዘግተው ይቀመጡና ዐረብኛውን በዝግታ ያነቡ ነበር፤ አስቸጋሪ ቃል ሲገጥማቸው ፈረንሳዊው ዕብራይስጡን፣ ሱርስቱንና ግሪኩን እያገላበጠ ያስረዳዋል፤ አቡ ሩሚ አማርኛውን ይጽፋል። የእጅ ጽሑፉ 9,539 ገጽ ሆነ። አባ አብርሃም ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ብዙ ሳይቆይ እዚያው ካይሮ በወረርሽኝ ሞተ፤ መጽሐፉ ሲታተም አላየም። በ1820 የእንግሊዝ ሚሲዮናዊው ዊልያም ጆዌት ጽሑፉን ገዛው፤ ወንጌሎቹ በ1824፣ አዲስ ኪዳን በ1829፣ ሙሉው መጽሐፍ በ1840 እ.ኤ.አ. ታተሙ። ዐሥር ዓመት፣ በሳምንት ሁለት ቀን፣ በዝግታ። የቤት ሥራውን በአንድ ማታ አምስት ገጽ «ተረጎምሁ» የሚለኝ ተማሪ ይህን ያስብ።

ስለ ኩሽ ያስተማርሁት ነገር ወሬው ካምፑን ዞሮ፣ በወላጆች ስብሰባ ላይ አንድ አባት ተነሥተው ተቆጡኝ። «ስደት አገራችንን ወስዶብናል፤ አንተ ደግሞ ስሟን ከመጽሐፍ ልታወጣብን ነው ወይ?» አሉኝ። ተሰብሳቢው ጸጥ አለ። ቁጣቸው አላስገረመኝም። እኔም ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ፣ ትምህርቴ ሳይቋረጥ፣ ይህን መጀመሪያ ከመምህሬ ስሰማ ከፍቶኝ ነበርና። ከልጅነቴ ጀምሮ በቤተ ክርስቲያን የሰማሁት ስም፣ አያቴ ሲነበብ ቀና የምትልበት ስም ነው።

ለእኚያ አባት የመለስሁላቸውን እዚህም ልድገመው። አባባ፣ ስሙን ማንም አይወስድብንም፤ አባቶቻችን ራሳቸው ይዘውታል። በአራተኛው መቶ ዓመት ንጉሥ ዒዛና በአክሱም ድንጋይ ላይ ባስቀረጸው ጽሑፍ፣ በግዕዙ «ሐበሠት» ያለውን በግሪኩ «አይቲዮፕስ» ብሎታል። በዚያው በዒዛና ጽሑፎች «ካሱ» የሚባል ሕዝብ ለብቻው ተጠቅሷል፤ ካሱ ማለት ኩሽ ነው። የአክሱም ሰው ሐበሻና ኩሽ ሁለት ስም መሆናቸውን ያውቅ ነበር። እኛ ዛሬ ብናውቀው ምን ይጎድልብናል? ደግሞስ ስሙ ወደ ውጭ ወጥቶ ብዙ ሠርቷል። በ1892 እ.ኤ.አ. በደቡብ አፍሪካ ፕሪቶሪያ ማንጌና ሞኮኔ የተባለ ጥቁር ካህን ከነጮች ተለይቶ ያቋቋመው ቤተ ክርስቲያን «የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን» ነበር የተባለው፤ ያ መዝሙር ነበርና በልቡ። የእስክንድርያ ተርጓሚዎች አንዲት ቃል ሲመርጡ ይህ ሁሉ ይከተላል ብለው አላሰቡም።

ዳሩ ግን ጎረቤታችንም ድርሻ አለው። በየቀኑ ውኃ የምንካፈለው ሱዳናዊ የአያቶቹን ስም ከእኛ መጽሐፍ ውስጥ ሊያገኘው አይችልም፤ ተሸፍኗልና። በመተማና በጋላባት አቅራቢያ የሚያልፈውን ጓንግን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ብዙዎቻችሁ ተሻግራችሁታል። ከጣና ሰሜን ምዕራብ ካለው ደጋ ተነሥቶ ይመጣና ሱዳን ሲገባ አትባራ ይባላል፤ ተከዜን ጨምሮ ወርዶ ከዓባይ ይቀላቀላል። ሜሮዌ የነበረችው በዚያ በአትባራና በዓባይ መካከል ባለው ምድር ነው። አንዱ ውኃ ሁለት ስም እንዳለው ሁላችንም እናውቃለን፤ ስሙን ለይተን በመጥራታችን ግን ጓንግ አልደረቀም።

እኔን ማንም አይጠይቀኝም እንጂ ቢጠይቀኝ፣ በብሉይ ኪዳን በገጹ ላይ «ኩሽ» አድርጌ፣ በግርጌ «በግሪኩና በግዕዙ ኢትዮጵያ» ብዬ እጽፍ ነበር። በሐዋርያት ሥራ ደግሞ «ኢትዮጵያ» ብዬ በግርጌ «ሜሮዌ» እላለሁ። አንባቢው ሁለቱንም ያያል፤ ፍርዱ የእሱ ይሆናል። አባትየው በዚህ የተስማሙ አይመስለኝም። ግን ስብሰባው ሲያልቅ መጽሐፋቸውን ይዘው መጥተው ዘፍጥረት 10ን አሳየኝ አሉኝ።

አንዳንድ ወላጆች «ይህ ሁሉ ለስደተኛ ልጅ ምን ይጠቅመዋል? እንጀራ ይሆነዋል ወይ?» ትሉ ይሆናል። እንጀራ ይሆነዋል። ይህን የምለው ከራሴ ጥፋት ተምሬ ነው።

በድንበሩ አካባቢ አዲስ ገቢዎች በሚመዘገቡበት ወቅት፣ ዐረብኛ ስለምችል እንዳስተረጉም ተጠየቅሁ። አንዲት እናት ሦስት ልጆች ይዘው ቀረቡ። ጸሐፊው የቤተ ሰቡን ቁጥር ጠየቀ። እሳቸውም ሦስቱን ስም በስም ቆጠሩና፣ «ትልቁ ልጄ መተማ ላይ ቀረ» አሉ፤ ብለውም በነጠላቸው ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔ እንባቸውን አየሁ፤ መንገዱ ላይ ስንቱ እንደ ወደቀም ሰምቻለሁ፤ ገባኝ ብዬ ወደ ጸሐፊው ዞርሁና «ማት» አልሁት፤ ሞተ ማለት ነው። ጸሐፊው አንገቱን ነቀነቀና ጻፈ። እኔም በልቤ ሴትዮዋን ያንን ከባድ ቃል ከመድገም ያዳንኋቸው መስሎኝ ነበር።

ልጁ አልሞተም ነበር። ታሞ ዘመድ ቤት የተኛ ልጅ ነው። ከሰባት ወር በኋላ ድኖ ተሻግሮ መጣ፤ ሊመዘገብ ሲቀርብ በእናቱ መዝገብ ላይ ሟች ሆኖ ተገኘ። እሱ ነኝ ቢል ማስረጃ ተጠየቀ፤ ማስረጃው የእናቱ ቃል ነው፤ የእናቱ ቃል ደግሞ በእኔ አፍ «ሞተ» ተብሎ ተጽፏል። ከመዝገቡ እስኪስተካከል ድረስ ያለ ራሽን፣ ከእናቱና ከወንድሞቹ ድርሻ እየተካፈለ ብዙ ወር ቆየ። ይቅርታ ልጠይቃቸው ቤታቸው ሄድሁ። ቡና አፈሉልኝ፤ አልተቆጡኝም። «ልጄ፣ እኔ ሞተ አላልሁም፤ ቀረ ነው ያልሁ» አሉኝ፤ ይኸው ነው። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

እስቲ ቃሉን አብረን እንመልከተው። በአማርኛ «ቀረ» ስንል ወደ ኋላ ቆየ ማለታችን ሊሆን ይችላል። «ሠርጉ ቀረ» ስንል ሳይደረግ ተወ ማለት ነው። «እንደ ወጣ ቀረ» ስንል አልተመለሰም ማለት ነው፤ ሞቶም ሊሆን ይችላል። በየቀኑ ስማችሁን ስጠራ ካልመጣችሁ በመዝገቤ ላይ «ቀሪ» ብዬ እጽፋለሁ፤ በዚያ ቀን አሠራሬ ቢሆን ኖሮ ግማሹን ክፍል እቀብረው ነበር። የሱዳን ዐረብኛ «ገዐድ» የሚል ቃል አለው፤ ተቀመጠ፣ ቆየ ማለት ነው። «ገዐድ ፊ መተማ» ብል ኖሮ ጸሐፊው «በሕይወት አለ ወይ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር፤ እናትየውም ይመልሱ ነበር። ቃሉ ሁለት ፊት ካለው ሁለት ፊቱን እንደ ያዘ ማሻገር የተርጓሚ ሥራ ነው። እኔ አንዱን ፊት መርጬ ሌላውን ዘጋሁት። መረጥሁ እንጂ አልተረጎምሁም።

የእስክንድርያ ሰዎችም ያደረጉት ከዚህ ብዙ አይርቅም። «ኩሽ» የሚለውን «አይቲዮፕያ» ሲሉ ለአንባቢያቸው አዝነውለት፣ ማሰቡን አስቀርተውለት ነበር። ልዩነቱ የእነሱ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ አለፈው፤ የእኔ በአንድ ልጅ እንጀራ ላይ ወዲያው ታየ።

ነገር ግን «ቃል በቃል» ሲባል ጅል መሆንም አለ፤ ይህንም ልንገራችሁ፤ አለዚያ ነገ ተማሪዎች መጥተው መምህር እንዲህ አለን ትላላችሁ። ከእናንተው አንዱ እናቱን ሐኪም ዘንድ ይዞ ሄዶ ነበር። እናቱ ስለ ጠፋ ወንድማቸው እያሰቡ «አንጀቴ ተቃጠለ» አሉ። ልጁም ቃል በቃል አንጀቷ ተቃጥሏል ብሎ በዐረብኛ ተናገረ። ነርሷ የሆድ መድኃኒት ሰጠቻቸው። ልጁ ቃሉን አልቀየረም፤ ግን ቃሉ በዚያ ቋንቋ ያንን ሥራ አይሠራም። በሁለተኛው መቶ ዓመት የነበረው አቂላ የተባለ ተርጓሚም እንዲሁ ነበር። ዕብራይስጥ «ሰማይን» እና «ምድርን» በምንለው ጊዜ መጨረሻ ላይ እኛ «ን» የምናደርገውን ሥራ የሚሠራ ትንሽ ቃል አለው። ግሪክኛ እንዲህ ያለ ቃል የለውም። አቂላ ግን ምንም አይጣል ብሎ፣ በቦታው «ጋር» የሚል ትርጉም ያለውን የግሪክ ቃል ሰካበት። ለግሪክ አንባቢ እንቆቅልሽ ሆነ። የሚገርመው አማርኛ ቢሆን ያለ አንዳች ችግር በ«ን» ይወጣው ነበር።

በዚህ ረገድ እኛ ዕድለኞች ነን፤ አማርኛ የዕብራይስጥና የዐረብኛ ዘመድ ነውና። ዕብራይስጡ «ነፌሽ» ይላል፣ ዐረቡ «ነፍስ» ይላል፣ እኛም «ነፍስ» እንላለን። ራስ በዐረብኛም ራስ ነው፤ በዕብራይስጥ ሮሽ ነው። ዕብራውያን በ«ሌብ» ያስባሉ፤ እኛም «ልብ በል»፣ «ልብ የለውም» ስንል በልብ ነው የምናስበው። እንግሊዝኛ እዚህ ላይ ይቸገራል፤ ለእሱ ልብ መውደጃ ነው፣ ማሰቢያው ጭንቅላት ነው። የአዲስ ኪዳን ግሪክም ርኅራኄን በአንጀት ስም ይጠራዋል። የ1611ዱ የእንግሊዝኛ ተርጓሚዎች ቃሉን ሳይለቁ «አንጀት» ብለው አስቀመጡት፤ የዛሬ እንግሊዛዊ ግን ያንን ሲያነብ ይስቃል። የእኛ እናት ብታነበው አትስቅም፤ አንጀት እንደሚራራ ታውቃለች። ይህን የመሰለ ሀብት ያለን ሰዎች ቃሉን ትተን ወደ ሐሳቡ የምንሮጥበት ምክንያት ከሌሎች ያነሰ ነው፤ እኔ እንዲህ ይመስለኛል።

እንግዲህ ለወላጆቻችሁ ስታስተረጉሙ፣ በሐኪም ቤት ይሁን በምዝገባ፣ መጀመሪያ የተባለውን ቃል እንዳለ ተናገሩ። ቀጥላችሁ «በእኛ ቋንቋ ይህ አባባል እንዲህም እንዲህም ሊሆን ይችላል» በሉ። የመጽሐፍ ግርጌ ማስታወሻ ሥራው ይኸው ነው። የ1611ዱ ተርጓሚዎችም ዐረፍተ ነገር ለማሟላት ከራሳቸው የጨመሩትን ቃል በተለየ ፊደል ያትሙት ነበር፤ አንባቢው «ይህ የእኛ ነው» የሚለውን እንዲያውቅ። እናንተም ከራሳችሁ ስትጨምሩ ድምፃችሁን ለውጡ፤ «ይህን እኔ ነኝ ያልሁት» በሉ። ካልገባችሁ ወደ እናታችሁ ዞራችሁ ጠይቁ። ጸሐፊው ቢቸኩልም ጠይቁ። እናንተም ወላጆች፣ ልጁ አሳጥሮ ሲናገር ካያችሁ አስቁሙት፤ ሦስት ዐረፍተ ነገር ተናግራችሁ እሱ በሁለት ቃል ከጨረሰው አንድ ነገር ቀርቷል።

መልመጃ፦ እስከ ሰኞ የሚከተሉትን ወደ ዐረብኛ መልሱ፤ መጀመሪያ ቃል በቃል፣ ከዚያ በሐሳብ፤ በየትኛው ላይ ችግር እንደ ገጠማችሁም ጻፉ። «ሆዴ ባባ»፤ «ዓይኔ ነህ»፤ «ልቡ የለም»፤ «ወንድሜ አገር ቤት ቀረ»። የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች በተጨማሪ በብሉይ ኪዳን «ኢትዮጵያ» የሚል ሦስት ቦታ ፈልጋችሁ ምዕራፍና ቁጥሩን አምጡ። መጽሐፍ የሌላችሁ ከጎረቤት ተዋሱ፤ ወይም ከሰዓት በኋላ ወደ ክፍሉ ኑ፤ ዘፍጥረት 10ን ሊያዩ የመጡት አባት የራሳቸውን ትተውልን ሄደዋል።